የእምቢታው ወንበር

ጥቅምት 4

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታ አታብዢ ስላልከኝ አሳጥሬዋለሁ፤ እንዴት ነህ፣ እኛ አለን፣ በቃ። እማዬ ግን ይህን ሳነብላት «ደብዳቤ ነው ወይስ ቴሌግራም?» ብላ ተቆጣችኝ። የእሷን ሰላምታ ከታች ሳልቀንስ አሰፍርልሃለሁ፤ ጉንጭህን ስማሃለች፣ እንዳይበርድህ ብላሃለች፣ ማን አጠገብህ እንደሚተኛ ንገረኝ ብላለች። የመኝታ ክፍሉን ጓደኛ ማለቷ ነው።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ ፓርቲው ተመሥርቷል። አንተንና የባቡር ጥገናውን ጓደኞችህን በአድማው ሰበብ ወደዚያ ወደብ ጭነው ከወሰዷችሁ ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኔ ሰው ሁሉ በየቤቱ ገብቶ ይቀራል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልቀረም። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ከሥራ ሰዓት በኋላ ለቀቀልን። እኔ ከስፌት ፋብሪካው፣ ከመቁረጫ ክፍሉ፣ ሴቶቹን ይዤ ሄድኩ። መምህሩም መጣ፤ ያው እንደምታውቀው ነው፣ ሲናገር መጀመሪያ የሚያዳምጠው እሱ ራሱ ነው፣ ግን ሰውም ያዳምጠዋል። መቀመጫ ስላልበቃን ግማሾቻችን የተቆረጠ ፀጉር ረግጠን ቆመን ነው ፓርቲ የመሠረትነው።

የላክኸው ደንብም ጸድቋል። ሁሉም እሺ ያለበት ስብሰባ ያስፈራኛል ብለህ የጻፍከውን መምህሩ አነበበልን። ከእንግዲህ ቤቱ ሙሉ በአንድ ሐሳብ ከተስማማ፣ ዕጣ የወጣበት ሰው ፀጉር መቁረጫው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አመነበትም አላመነበትም፣ ያንን ሐሳብ ከልቡ ይቃወማል። ከወንበሩ ሲነሳ ያለው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ማንም አይቀየመውም፣ ማንም ነገ አያነሳበትም። «የእምቢታ ወንበር» ብለነዋል። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ቀልድ ካልጨመረበት አይሆንለትምና፣ የተቀመጠውን ሰው ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ ያስርለታል።

የመጀመሪያው ዕጣ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የእኔ! አርማችን መዶሻ ይሁን ተብሎ ሁሉም ተስማምቶ ነበር። እኔም ሥራዬ ነው ብዬ «እኛ ሴቶቹ መዶሻ የምንይዘው ሚስማር ስትመቱልን ስለዘገያችሁ ብቻ ነው» አልኩ። ተሳቀ። ከዚያ ድምፅ ሲሰጥ መዶሻው ወደቀና መቀስ ሆነ። እኔ እኮ መዶሻውን እወደው ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄያችን እናንተ ናችሁ። «ይመለሱ» ነው የሚለው፣ ሌላ ቃል የለውም። እማዬ ይህን ከሰማች ወዲህ እሑድ እሑድ ፍራሽህን ፀሐይ ላይ ታወጣለች።

ፎቶግራፍህም ደርሶናል፤ ለፖስተር እንዲሆን ለመምህሩ ሰጥቼዋለሁ። ከስተሃል፤ ለእማዬ ግን ወፍሯል ብያታለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሸሚዝህ ኮሌታ ተፈትቶ፣ ተገልብጦ፣ እንደገና ተሰፍቷል። ጨርቅ ቆራጭ ነኝ፣ ከፎቶ ላይም ቢሆን አይጠፋኝም። እንዲህ ያለ እጅ የማን ነው?

እህትህ


ኅዳር 29

እታለም፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ትልቁ ክሬን ተበላሽቶ ስንፈታው ስንገጥመው ነው የከረምነው። እዚህ ጨው የማይገባበት ነገር የለም፤ ግራሶው ውስጥ፣ ብሎኑ ውስጥ፣ የሰው ፀባይ ውስጥ ሳይቀር ይገባል።

ስለ ክፍሌ ለጠየቃችሁኝ፣ መረብ የሚጠገንበት ሱቅ ፎቅ ላይ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት። ብቻዬን ነው የምተኛው፤ ለእማዬ ንገሪያት። መስኮቱን ስከፍት የዓሣ ሽታ፣ ስዘጋው የገመድ ሽታ። ከሥራ ስመለስ ቁጭ ብድግ ስል አመሻለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል፤ እናንተ እዚያ ስትሰበሰቡ እኔ እዚህ ከግድግዳ ጋር እከራከራለሁ።

መቀሱ አስቆኛል። መዶሻውን እወደው ነበር ላልሽው ግን አትዘኚ። ወንበሩ ላይ ያለ ሰው ማሸነፍ የለበትም የሚል ነገር ደንቡ ውስጥ አልጻፍኩም። ምናልባት መጻፍ ነበረብኝ።

ስለ ኮሌታው፣ ንፋሱ ልብስ አያስተርፍም፤ ሁሉም ሰው ያሠፋል። ይልቅ አንድ ነገር አልገባኝም። ፎቶግራፉን ለእማዬ ነው የላክሁት። ለፖስተር ስትይ ምን ማለትሽ ነው?

ወንድምሽ


ግንቦት 18

ወንድም ጋሼ፣

ይቅር በለኝ፣ ሦስት ደብዳቤህን በአንድ ልመልስ ነው። ምርጫው እግር ከወርች አስሮን ከረመ።

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። አራት መቀመጫ አሸንፈን ምክር ቤት ገባን! «የፀጉር ቤቱ ፓርቲ» እያሉ ሲስቁብን የነበሩት ሁሉ አሁን መንገድ ላይ ባርኔጣ ያነሱልናል። ፀጉር አስተካካዩ የምርጫው ዕለት በደስታ የአንዱን ደንበኛ ግማሽ ጢም ላጭቶ፣ ግማሹን ትቶት ወጣ። ሰውየው አልተቀየመም፤ በግማሽ ጢሙ ሄዶ መርጦናል።

ከሄድክ ሦስተኛ ዓመትህ ነው፣ ከተማው ግን እንደ ዘንድሮ አይቶህ አያውቅም። በየግድግዳው አንተ ነህ። ከሥርህ በትልቁ «ይመለሱ!» ይላል። ፋብሪካ ስገባ ሴቶቹ «ወንድምሽ እኛ ሰፈር ግድግዳ ላይ በሰላም አድሯል» ይሉኛል። እማዬ ገበያ ስትሄድ ሁሉንም ሳትሳለም አታልፍም። ባለፈው አንድ ለጣፊ ሠራተኛ የሳሙና ማስታወቂያ አገጭህ ላይ ለጥፎ አገኘችው። በጥፍሯ ላጠችውና «የልጄን አፍ በሳሙና ትዘጋለህ?» ብላ መሰላሉን ይዛ አላስወርድ አለችው። ሰውየው ሁለተኛ እንደማይለጥፍ እስኪምል ድረስ ላይ ቀረ።

መምህሩ ከተመረጠ ማግስት ቤት መጥቶ፣ እማዬ ፊት ቆሞ «ልጅዎን ሳላመጣ እንቅልፍ አልተኛም» አላት። እሷም «እንቅልፍህን ተኛ፣ ልጄን ብቻ አምጣ» አለችው። እናንተን የሚመልሰውን ሕግ ለማቅረብ እየተዘጋጀ ነው። ክፍልህን ቀለም አስቀብተናል። መጋረጃውን እኔ ነኝ የቆረጥኩት።

ስለ ኮሌታው አሁንም አልመለስክልኝም። ረስቼው አይምሰልህ።

እህትህ


ሐምሌ 30

እታለም፣

ደስ ብሎኛል። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፣ ቀጥሎ የምለው ሌላ እንዳይመስልሽ።

ፖስተሩን አንሱት። ፖስተር አይኑር አላልኩም፤ እኔን አንሱኝ። እዚህ መመለስ የሚያንገበግበው ሰው አለ። በያጁን ታስታውሺዋለሽ፣ ያ ረጅሙ፣ ብየዳ ላይ ዘፈን የማያቋርጠው? አሁን አይዘፍንም። ሚስቱና ልጆቹ እዚያ ናቸው። የትንሹ ልጁን ድምፅ እንኳ አያውቀውም፤ ሲሄድ ገና አፉን አልፈታም ነበር። የእሱን ፎቶ ለጥፉ። መልኩም ከእኔ ይሻላል።

ለምን ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አሁን አትጠይቂኝ። ፊቴን በየግድግዳው እያሰብኩ መላጨት እንኳ አስጠልቶኛል። እማዬንም ፍራሹን ተይው በያት፣ ፀሐይ ጥጥ ያደርቃል።

ወንድምሽ


ጥር 9

ወንድም ጋሼ፣

ከጋዜጣው በፊት ልድረስልህ ብዬ በምሳ እረፍት፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ነው የምጽፍልህ። ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅርታ።

ፖስተሩን ከሁለት ዓመት በላይ ለምን አልቀየራችሁም ብለሃል። ሞክሬ ነበር። «ሰው ፊቱን ለምዶታል» አሉኝ። አሁን ግን እሱም ሊቀር ነው።

የነበረው መንግሥት ፈርሶ ትልቁ ፓርቲ አዲስ ለመመሥረት ድምፅ ጎደለውና የእኛን አራት ሰዎች ፈለገ። በምትኩ መምህሩ ምክትል ሚኒስትር ይሆናል፤ ለፋብሪካ ሴቶች ደግሞ የወሊድ ፈቃድ ሕግ ይወጣል። ያን ሕግ ምን ያህል እንደተመኘነው ታውቃለህ። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይመለሱ» የሚለውን እንድንተው። የባቡር ድርጅቱ አለቆች የእነሱ ሰዎች ናቸውና።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው እሺ አላለም። መምህሩ ራሱ «ነውር ነው» ብሎ ጠረጴዛ መታ። እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው፤ ሁሉም እምቢ ካለ፣ ወንበሩ እሺ ማለት አለበት። ዕጣው ተነሳና ለእኔ ወጣ።

ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን ይዞ ቆመ። «ሌላ ሰው ይውጣ እንጂ፣ እህቱ እኮ ናት» አለ። አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። ደንቡን ያወጣኸው አንተ፤ እኔ እህትህ ብሸሸው ምን ልባል ነው ብዬ።

መጀመሪያ ስለ ወሊድ ፈቃዱ ተናገርኩ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ከዚያ እንዴት አፌ ላይ እንደመጣ አላውቅም፣ እንዲህ አልኩ፦ «ለመሆኑ ሰዎቹን ጠይቀናቸዋል? ሰው አምስት ዓመት አንድ ቦታ ሲኖር ጎረቤት ያፈራል፣ ትዳር ይይዛል፣ ልጅ ይወልዳል። ወንድሜ መመለስ እንደሚፈልግ ማን ነገረን? እኔን አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም። የምንፈልገው ሰዎቹን ነው ወይስ ፖስተሩን?»

ውሸቴን ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚፈላልገውን ፈላልጌ ነው። ግን ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከወንበሩ ዘልዬ ወርጄ የራሴን ንግግር ተቃውሜ ድምፅ ሰጠሁ፤ ተሸነፍኩ። መምህሩ መጥቶ እጄን ጨበጠና «ዓይናችንን ከፈትሽልን» አለኝ። ጠረጴዛ የመታበት እጁ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ ነገሩ ገና አልጸደቀም። በሚቀጥለው ወር ጉባኤው ነው የሚያጸድቀው። አንድ መስመር ብቻ ጻፍልኝ። «እህቴ ያለችው ሐሰት ነው፣ መመለስ እፈልጋለሁ» በል። እሱን ቆሜ አነብላቸዋለሁ፣ ያኔ ነገሩ አለቀ። ለበያጁም ለሌሎቹም ንገራቸው፣ እነሱም ይጻፉ። የአንተ ግን ግድ ነው፤ ስምህን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ፍራሽህ ዛሬም ውጭ ነው።

እህትህ


የካቲት 3

እታለም፣

አንድ መስመር ነው የጠየቅሽኝ። ስጽፍ ስቀድ፣ ስጽፍ ስቀድ ሰነበትኩ። አልሆነልኝም። ወንበሩ ላይ ሆነሽ ያልሽው እውነት ነው።

ኮሌታዬን የገለበጠችው መረብ ጠጋኟ ናት፣ ከፎቄ ሥር የምትሠራው። የመጣሁ ሰሞን ሸሚዜን አይታ «ይሄ ሰው ነው ወይስ የተቀደደ ሸራ?» አለች። በዚያው ጀመርን። ልጅ አለችን፤ ሦስት ዓመት አልፏታል። በእማዬ ስም ነው የጠራናት። ስትቆጣም ቁርጥ እማዬን ናት፣ ወገቧን ይዛ።

ለምን ደበቅከኝ ትያለሽ። መጀመሪያ የሚዘልቅ ነገር አልመሰለኝም። ከዚያ ፖስተሩ መጣ። ከተማ ሙሉ «ይመለስ» እያለ የሚጮኽለት ሰው፣ «እኔስ ተመችቶኛል» ብሎ እንዴት ይጻፍ? አንቺ ስለ ፍራሹ በጻፍሽልኝ ቁጥር እጽፋለሁ ብዬ ቁጭ እላለሁ፣ ብድግ እላለሁ። እንዲሁ ዓመታት አለፉ። እንደ ፈሪ ቆጥሪኝ፣ አልከራከርሽም።

የበያጁ ደብዳቤ አብሮ አለ። የሱ እውነተኛ ነው፣ አንብቢው። የእኔን አታንብቢ። ሐሰት ልጽፍልሽ ብችል ለእሱ ስል ጽፌው ነበር። ብዕሩን ስይዝ ልጅቷ ጉልበቴ ላይ ትወጣለች። እሷ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ «ከዚህ አውጡኝ» ብዬ መጻፍ አቃተኝ።

ለእማዬ አትንገሪያት። መጥቼ እኔው በአፌ እነግራታለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 26

ደብዳቤህ ደርሷል።

የበያጁን ጉባኤው ፊት ቆሜ አነበብኩ። አንዳንዱ አለቀሰ። ከዚያ አንዷ «የወንድምሽስ የታለ?» አለች። «አልጻፈም» አልኳት። ቤቱ በሙሉ ተያየ። ጸደቀ።

አሁን ሰላምታ አልጽፍልህም። ሲበርድልኝ እጽፋለሁ።


መስከረም 15

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? እናትና ልጅስ እንዴት ናቸው? ይህን ለመጻፍ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። የላክሃቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ደርሰውኛል፣ አንብቤያቸዋለሁ፣ አኩርፌ ነው ዝም ያልኩት። ኩርፊያዬን ታውቀዋለህ፤ ራሴንም ያደክመኛል።

ፓርቲው ምን ላይ ነው ብለሃል። ምን ላይ አለ ብለህ? መምህሩ ከተሾመ በኋላ ሁለት ጊዜ ፀጉር ቤቱ መጣ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ወንበሩን ዞር ብሎ አየውና «ለደረጃችን የሚመጥን አዳራሽ እንፈልግ» አለ። ሆቴል ውስጥ አዳራሽ ያዙ። ወንበሩ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ቀይ ከፈይ። የእምቢታውን ወንበር የት እናስቀምጠው ስንል «እሱ እንኳ የልጅነት ጨዋታችን ነበር» ተባልን። ከዚያ ወዲህ ያልጸደቀ ነገር የለም። ሁሉም እሺ፣ ሁሉም በጭብጨባ።

የወሊድ ፈቃዱ ሕግ ወጣ። ግማሹን ቆርጠውት ነው የወጣው፤ ቢሆንም ወጣ። መቁረጫ ክፍል ውስጥ ሁለት ሴቶች ወልደው ደሞዛቸው ሳይቋረጥ አርፈው ተመልሰዋል። ሲያዩኝ ይስሙኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ የበያጁ ሚስት ትመጣብኛለች። እንዲህ ሆኜ ነው የምኖረው፤ ግማሽ ቀን ልክ ነበርኩ እላለሁ፣ ግማሽ ቀን ሰው የሸጥኩ ይመስለኛል።

ሰውም ቀስ በቀስ ሄደ። ተጣልቶ የሄደ የለም፤ «ዛሬ አልተመቸኝም» እያለ ነው። በባለፈው ግንቦት ምርጫ አንድ መቀመጫ እንኳ አላገኘንም። መምህሩ ድምፅ ከመቆጠሩ በፊት ወደ ትልቁ ፓርቲ ተዛውሮ ነበር። ፖስተሮችህን ዝናብ አውርዷቸዋል። የገበያው መንገድ ላይ ያለው ብቻ ግንባርህና አንድ ዓይንህ ቀርቷል። እማዬ አሁንም ትሳለመዋለች።

በያጁ ሥራውን ጥሎ በራሱ መጥቷል፤ መቼም ታውቃለህ። ቤት መጣ። እማዬ እጁን ይዛ «ልጄ እንዴት ነው? ማን ያበስልለታል?» አለችው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እሱ ቀና ብሎ አየኝና «ደህና ነው፣ ይሠራል፣ ሸሚዙም ንጹሕ ነው» አላት። ሲወጣ በር ላይ ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ አፌን ስከፍት «ተይው፣ ወንበሩ ላይ ነበርሽ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑ ደክሟል፣ ሱቁን ሊለቅ ነው። የቀረነው ሰዎች በኅዳር መጨረሻ እዚያው ተሰብስበን ፓርቲውን በወጉ እንዝጋው ብለናል። ጀምረኸዋልና ና። ለእማዬም እነግራታለሁ ያልከውን ንገራት። እሷ እየጠበቀች፣ እኔ እያወቅሁ፣ አንድ ቤት ውስጥ መኖር ከብዶኛል።

የልጅቷን ቁመት በክር ለክተህ ላክልኝ። ከትከሻ እስከ ጉልበት አንድ ቋጠሮ፣ ለእጅጌው አንድ ቋጠሮ። ቀሚስ ልቆርጥላት ነው። አክስትነት በኩርፊያ አይሆንም።

እህትህ


ኅዳር 2

እታለም፣

ክሩ ይኸው። ስለካት አልቆም ብላኝ ነበር፤ አክስትሽ ቀሚስ ልትሠራልሽ ነው ስላት እንደ ምሰሶ ቀጥ አለች። እናቷ ለማደግ ትንሽ ትርፍ ተይበት ብላለች፤ አንቺ ብታውቂውም ከመናገር አልተቆጠበችም።

እመጣለሁ፤ የጥቂት ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ። ብቻዬን ነው የምመጣው፣ ልጅቷን ይዤ ድንገት በመቅረብ እማዬን ማስደንገጥ አልፈልግም። መጀመሪያ በቃል እነግራታለሁ። በባቡር መንገዱ ሁሉ እየተለማመድኩት ነው የምመጣው። አሁንም እየተለማመድኩት ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የምሰናከለው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 11

ወንድም ጋሼ፣

በሰላም መግባትህን ሰምተን ደስ ብሎናል። የጠየቅኸኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «አመነችኝ ወይስ አላመነችኝም?» ነው ያልከው። እሱን እመልስልሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከጀርባህ የሆነውን ልንገርህ፣ አንተ አላየኸውምና።

ሦስት ቀን ቤት ሰንብተህ አልነገርካትም። አፍህን ስትከፍት፣ ውሃ ስትጠይቅ፣ እንደገና ስትዘጋ አይቼሃለሁ። በእግሬ ጠረጴዛ ሥር ስንቴ ረገጥኩህ! ከዚያ የመዝጊያው ስብሰባ ደረሰ። ፓርቲው ይዘጋ ሲባል ሁላችንም እጃችንን አወጣን፤ መቃወሚያው ዕጣ ለፀጉር አስተካካዩ ወጣና ሽማግሌው በራሱ ወንበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። እያለቀሰ ተቃወመ። ያንን አይተሃል። ተዘጋ።

እማዬ ያን ዕለት «አብሬው ወደ ቤት ልመለስ» ብላ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ልንነሳ ስንል «እኔም ሐሳብ አለኝ» አለች። «ልጄ ከእንግዲህ እዚሁ ይቅር።» ምን የማይስማማ ሰው አለ? እጅ ሁሉ ወጣ። የእኔም ወጣ፣ ምን ላድርግ። ፀጉር አስተካካዩ «በአንድ ድምፅ ነው፣ ዕጣ ይነሳ» ብሎ የዕጣውን ቆርቆሮ ሲያነሳ፣ አንተ «ዕጣ አያስፈልግም» ብለህ ወንበሩ ላይ ወጣህ። ጨርቁን ራስህ አሰርክ። ወንበሩንም አዙረህ መስተዋቱ ተነቅሎ ወደቀረው ግድግዳ ዞርክ። ለዚህ ነው ያላየኸው።

«እዚህ አልቀርም» ስትል፣ እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «ሚስት አለችኝ» ስትል፣ በያጁ አንገቱን ደፋ። «ልጅ አለችኝ፣ በእናቴ ስም ነው የጠራኋት» ስትል፣ እማዬ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ያን ጊዜ አበቃልን ብዬ ነበር። «ሰው የሚመለሰው ወደ ቤቱ ነው፣ ቤቴ ደግሞ እዚያ ነው» ብለህ ስትጨርስ፣ እጇን ከአፏ አወረደችና አጨበጨበች። «ወይ ልጄ! አባትህም ሲዋሽ እንዲህ ያምርበት ነበር!» ያለችውን ሰምተሃል። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አንተም ነጩን ጨርቅ እንዳሰርክ ተነስተህ አቀፍካት፤ ማታውኑ በባቡር ሄድክ። በመስኮቱ ሳይህ ፊትህ ላይ ማረፍም ማዘንም ነበረበት።

ከዚያ እሑድ መጣ። ፍራሹ አልወጣም። «ፍራሹን ላውጣልሽ?» አልኳት።

«ለማን?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰምተሻል እንዴ?»

«ደንቆሮ ነኝ?»

«ታዲያ ለምን አጨበጨብሽለት?»

«ካላጨበጨብኩለት እንዴት ብሎ ይነሳ? ልጅቷ ትጠብቀው የለ?»

ከቀሚሷ ኪስ ያንን ክር አወጣች፣ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየዳሰሰች። ከመርፌ ሳጥኔ ወስዳው ኖሯል፤ እኔ ጠፋብኝ ብዬ ቀሚሱን በግምት ስቆርጥ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። «ሁለት ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ የልጅ ቁመት ይጠፋኛል?» አለችኝ።

«ካወቅሽ ታዲያ ለምን ይቅር አልሽ?»

ተቆጣችኝ። «እንዲናገር ነዋ! ሦስት ቀን ሙሉ አፉን እየከፈተ እየዘጋ፣ ሳይነግረኝ ይሂድ? ይቅር ካላልኩ መቼ ያንን ወንበር ያገኛል?»

ወንድም ጋሼ፣ እኛ ስንት ዓመት ያንን ወንበር እንዳሽከረከርነው! ምን እንደሚያገለግል የገባት እሷ ብቻ ናት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ወይም እኔ ስወጣ አልቅሳ ይሆናል፤ ስመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ወንበሩን ከታች ያለው ሌላ ፀጉር ቤት ወስዶታል። ትናንት ሳልፍ አንድ ሰው ተቀምጦ ጢሙን ይላጫል፤ ምንም የሚቃወም አይመስልም። እኛ ፋብሪካ ደግሞ ስለ ትርፍ ሰዓት ነገር ተነስቶ በምሳ እረፍት ሴቶቹ ሁሉ ተስማሙ። ከዚያ አንዷ «ማን ይቃወም?» ብላ የክር ሳጥን ገልብጣ መሐል አስቀመጠች። ፓርቲ አይባልም፣ ስምም የለውም። እኔ እንደሆነ ዳር ነው የቆምኩት፤ ዕጣ ውስጥ አልገባም ብያለሁ፤ እስከ መቼ እንደምጸና እንጃ።

ፍራሹን እማዬ ለበያጁ ልጆች ሰጥታዋለች። የልጅቷን ቀሚስ አፍርሼ በክሩ ልክ እንደገና ቆርጫለሁ፣ ለማደግ ትርፍ ትቼበታለሁ፤ ለእናቷ ንገርልኝ። እማዬም ለራሷ አንድ አዝዛኛለች። ወፍራም ጨርቅ ይሁን ብላለች፣ የወደብ ንፋስ ይበርዳልና። መቼ እንደምትሄድ ስጠይቃት «አንቺ ስፊው እንጂ» ነው የምትለኝ። ቀኑን እንደነገረችኝ እጽፍልሃለሁ፤ ልጅቷን ይዘህ ጣቢያው ድረስ ውጣላት።

እህትህ